ውሃን የሚያናግሩ መሣሪያዎች፦ ከውቅያኖስ ሕያው ብርሃን እስከ ኦሞ ሙላት



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በጂንካ ሲነገር እንግዳ ሊመስል እንደሚችል እገምታለሁ። የምናገረው በውቅያኖስ ውስጥ ሕያዋን ፍጥረታት የሚያመነጩትን ብርሃን ለመለካት ስለተሠሩ መሣሪያዎች ነው፤ የምንገኘው ደግሞ ከባሕር እጅግ ርቀን ነው። በዚህች ከተማ አጠገብ የሚወርደው ነሪ ወደ ማጎ፣ ማጎ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና መውጫ የለውም። ስለዚህ ከዚህ ሸለቆ የሚነሣ ውሃ ውቅያኖስን ሳያይ ከሐይቁ ላይ ይተናል።

ሁለቱን ጉዳዮች ያገናኘኋቸው አንድ የታሪክ ጥያቄ ስለሚጋሩ ነው። መሣሪያ ወደ ውሃ ወርዶ፣ ወይም ከሰማይ ሆኖ ውሃን ተመልክቶ ቁጥር ሲሰጠን፣ ያ ቁጥር የሚነግረን ስለ ውሃው ነው ወይስ ስለ ጠያቂው? እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ የውሃ ልኬት ሁሉ አንድ ሰው ለጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ መልሱም እውቀት የሚሆነው በስፍራው የነበረ ምስክር ሲያገኝ ነው። የባሕር ሳይንስ ይህን የተማረው ከአፍሪካ ቀንድ ጠረፍ ብዙም ሳይርቅ፣ በቅርብ ዘመን ነው። በታችኛው ኦሞ ግን ትምህርቱ ገና ሥራ ላይ አልዋለም። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ዓይን፣ ገመድና ሰሌዳ

የውሃ ውስጥ ብርሃንን በሥርዓት የመለካት ታሪክ ሲተረክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1865 ነው። በዚያ ዓመት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ የነበረው ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ፣ በሮማው ጳጳስ መርከብ ተሳፍሮ በሜዲትራንያን ባሕር ላይ ነጭ ክብ ሰሌዳዎችን በገመድ እያሰረ ወደ ውሃው አወረደ። የመዘገበው ሰሌዳው ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ነው። ሰሌዳ፣ ገመድና ዓይን፤ መሣሪያው ይኸው ነበር። የሴኪ ሰሌዳ እስከ ዛሬ በሐይቆቻችን ላይ በሚደረጉ ጥናቶች ያገለግላል። ዋጋው አነስተኛ ከመሆኑም በላይ በአንድ ቀን ልምምድ ማንም ሊጠቀምበት ይችላል።

ይሁን እንጂ የሴኪ ሰሌዳ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ውሃው የፀሐይን ብርሃን ምን ያህል ያሳልፋል የሚለው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰሌዳው ዝም ይላል። ባሕር ራሱ በሌሊት የሚያበራውን ብርሃን ሊለካ አይችልም።

ይህ ብርሃን ሳይንሱ ባዮሉሚኒሰንስ የሚለው፣ እኔም በዚህ ንግግር ሕያው ብርሃን የምለው ነው። በ1880ዎቹ ፈረንሳዊው ራፋኤል ዱብዋ እንዳሳየው፣ ብርሃኑ የሚመነጨው ሉሲፈሪን የተባለ ንጥረ ነገር ሉሲፈሬዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት በሚያደርገው ኬሚካዊ ለውጥ ነው። በባሕር ውስጥ ይህ ችሎታ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ ከባክቴሪያ አንሥቶ በዓይን እስከማይታዩ አንድ ሕዋስ ብቻ ያላቸው ተንሳፋፊዎች፣ ከጄሊ ዓሣ እስከ ጥልቅ ባሕር ዓሦች ድረስ ይገኛል። በጨው አልባ ውሃ ውስጥ ግን በጣም ብርቅ ነው፤ በኒው ዚላንድ ወንዞች የሚኖር አንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ዋነኛው ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። ስለዚህ በኦሞ ሙላት ላይ በሌሊት የሚበራ ነገር እንድትፈልጉ አልጠይቃችሁም። የምፈልገው መለኪያዎቹ የሄዱበትን መንገድ ነው።

በ1934 አሜሪካዊው ዊልያም ቢቢ ከኦቲስ ባርተን ጋር በብረት ሉል ውስጥ ተዘግቶ፣ በቤርሙዳ አቅራቢያ እስከ 923 ሜትር ጥልቀት ወረደ። በትንሹ መስኮት ያየውን የብርሃን ብልጭታ ሁሉ በስልክ ሽቦ ላይ ወዳለችው መርከብ ይናገር ነበር፤ ላይ ያሉትም ይጽፉ ነበር። ከገለጻቸው ዓሦች መካከል ከዚያ ወዲህ ማንም ደግሞ ያላያቸው አሉ። ምስክርነቱ ድንቅ ነበር፤ ግን ቁጥር አልነበረውም፤ በሌላ ዓይንም ሊረጋገጥ አልቻለም። የቢቢ ታሪክ ምስክር ያለ መሣሪያ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያሳየናል።

ተቃራኒው ብዙ አልቆየም። በ1930ዎቹ ፎቶመልቲፕላየር የተባለው የመስታወት ቱቦ ተሠራ። ጥቂት የብርሃን ቅንጣቶች ቱቦው ላይ ሲያርፉ ኤሌክትሮን ይፈናጠራል፤ ያም ሌሎችን እያስፈናጠረ እስከ ሚሊዮን እጥፍ ተባዝቶ ሊነበብ የሚችል የኤሌክትሪክ ምልክት ይሆናል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ጆርጅ ክላርክ የተባለው የባሕር ሳይንስ ሊቅ ይህን ቱቦ ውሃ በማያስገባ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ አድርጎ ወደ አትላንቲክ ጥልቀት አወረደው። መሣሪያው ባቲፎቶሜትር ተባለ፤ የጥልቀት ብርሃን መለኪያ ማለት ነው። የቀን ብርሃን በጥልቀት እንዴት እየደከመ እንደሚሄድ ለመለካት የታሰበው ይህ መሣሪያ፣ ፀሐይ ሊደርስበት በማይችል ጨለማ ውስጥ ተደጋጋሚ ብልጭታዎችን መዘገበ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም፣ ዓለም አቀፉ የሕንድ ውቅያኖስ ጥናት በሚካሄድበት ጊዜ፣ ክላርክና ባልደረባው ተመሳሳይ ልኬት በምዕራባዊው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ አደረጉ። ሕያው ብርሃን በዚህ መንገድ ከመርከበኞች ወሬ ወጥቶ በወረቀት ላይ የሚሰመር መስመር ሆነ።

ውሃን ምን ያስጮኸዋል?

አበው «ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ይላሉ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር የባቲፎቶሜትርን ዋና ችግር ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ባጠረ ቃል ይገልጸዋል።

በባሕር ወለል አካባቢ ብርሃን ከሚሰጡት ፍጥረታት ብዙዎቹ ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉት አንድ ሕዋስ ብቻ ያላቸው ተንሳፋፊዎች ናቸው። ውሃው ጸጥ ብሎ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ አያበሩም። ማዕበል ሲሰበር፣ ዓሣ ሲያልፍ፣ መቅዘፊያ ሲመታቸው ግን ከሰከንድ አሥረኛ እጅ ለማትበልጥ ጊዜ ብልጭ ይላሉ። ታዲያ መሣሪያው ራሱ ሲወርድ ውሃውን ያናውጣል፤ ሲያናውጥም ብልጭታ ይፈጥራል። ክላርክና እርሱን የተከተሉት ሊቃውንት ጥያቄ ገጠማቸው፦ የመዘገብነው ብርሃን በባሕሩ ውስጥ የነበረ ነው ወይስ እኛ የቀሰቀስነው?

ሊቃውንቱ መናወጡን ማጥፋት እንደማይችሉ ሲረዱ፣ መናወጡን ራሱን የልኬቱ አካል አደረጉት። ውሃን በፓምፕ ስቦ ወደ ጨለማ ክፍል የሚያስገባ፣ በመግቢያው ላይም የሚያናውጥ፣ ከዚያም ብልጭታውን የሚቆጥር መሣሪያ ሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ፓምፖች ደካሞች ስለነበሩ ፈጥነው የሚዋኙት ፍጥረታት ከመግቢያው ይሸሹ ነበር። የእያንዳንዱ ቤተ ሙከራ መሣሪያም በራሱ መንገድ ስለሚያናውጥ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ጋር ሊወዳደር አይችልም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ኬዝ፣ ኤዲት ዊደርና ባልደረቦቻቸው ሃይዴክስ የተባለውን ባቲፎቶሜትር ይፋ አደረጉ። ይህ መሣሪያ በሰከንድ ከ40 ሊትር በላይ ውሃ ይስባል፤ በመግቢያው ላይ ያለው የሽቦ ወንፊት ደግሞ በውሃው ላይ መጠኑ የታወቀ መናወጥ ይፈጥራል። የሚሰጠውም ቁጥር «የባሕሩ ብርሃን» አልተባለም፤ «ሊነሣ የሚችል ብርሃን» ተባለ።

በእኔ እይታ ይህ የስም ለውጥ በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ነው። ድንጋይ ወርዋሪው ድንጋዩን መወርወሩን አምኖ፣ የድንጋዩን ክብደት ጽፎ፣ ከዚያ ጩኸቱን መዘገበ ማለት ነውና።

ድንጋዩን ማን እንደወረወረው ግን አብሮ መነገር አለበት። በሌሊት የሚጓዝ ሰርጓጅ መርከብ ውሃውን ሲያናውጥ በዙሪያው ብርሃን ይነሣል፤ ከላይ ሆኖ ለሚፈልገው ጠላት መገኛውን ሊያሳብቅ ይችላል። ስለዚህ በዚህ መስክ ከተደረገው ምርምር ብዙው በባሕር ኃይሎች፣ በተለይም በአሜሪካ ባሕር ኃይል ገንዘብ የተካሄደ ነው። መሣሪያው የተጠየቀው «ብርሃኑ ለእነዚህ ፍጥረታት ምን ይጠቅማቸዋል?» ተብሎ ሳይሆን በመጀመሪያ «መርከብ ቢያልፍ ምን ያህል ይበራል?» ተብሎ ነው። ውሃን እየሳበ የሚያናውጠው ፓምፕ የዚህ ጥያቄ ልጅ ነው። ሌላውን ጥያቄ ለመጠየቅ ሌላ ዓይነት መሣሪያ አስፈለገ። ዊደር ራሷ ከጊዜ በኋላ ድምፅ የሌለው፣ በርካታ የጥልቅ ባሕር እንስሳት በማያዩት ቀይ ብርሃን የሚመለከት፣ የጄሊ ዓሣን ብልጭታ የሚያስመስል ማታለያ የታጠቀ ካሜራ አዘጋጀች። በ2012 በጃፓን አካባቢ ግዙፉ ስኩዊድ በጥልቅ መኖሪያው በሕይወት ሳለ የተቀረጸው በእንዲህ ዓይነት ካሜራ ነው። ያው ባሕር፣ ያው ብርሃን፤ ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም ተለወጠ።

የአንዲት መርከብ ማስታወሻ

ከዚህ የሚከተለው የተፈጸመው በእኛው የአፍሪካ ቀንድ አጠገብ ነው። ሊማ የተባለች የእንግሊዝ የንግድ መርከብ በጥር 1995 ከሶማሊያ ጠረፍ በስተ ምሥራቅ ትጓዝ ነበር። ሰማዩ ደመናም ጨረቃም አልነበረበትም። መርከበኞቹ በአድማስ ላይ ነጣ ያለ ብርሃን አዩ፤ ጥቂት ቆይቶም መርከቧ በሁሉም አቅጣጫ ወተት በመሰለ የሚያበራ ባሕር ተከበበች። የመርከቧ መኮንን ሰዓቱን፣ መገኛውንና ያየውን በመዝገብ አሰፈረ። ይህ ባሕር በማዕበል ከሚቀሰቀሰው ብልጭታ የተለየ ነበር፤ ሳይናወጥ፣ ሳያቋርጥ፣ ለሰዓታት የሚያበራ ነው። መርከበኞች «የወተት ባሕር» ይሉታል። ከአሥር ዓመት በፊት፣ በ1985፣ አንዲት የአሜሪካ የምርምር መርከብ በሶኮትራ ደሴት አካባቢ ተመሳሳይ ባሕር አጋጥሟት ናሙና ወስዳ ነበር፤ ጥናቱም ምንጩ ብርሃን ሰጪ ባክቴሪያ ሳይሆን እንደማይቀር አመልክቷል።

ስቲቨን ሚለር የተባለው የከባቢ አየር ሳይንቲስት የወተት ባሕር ከሰማይ ሊታይ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ በሌሊት ደካማ ብርሃን ማየት የሚችሉት ሳተላይቶች የአሜሪካ ጦር ደመናን ለመከታተል ያሰማራቸው ነበሩ። በውስጣቸው ያለው የብርሃን መቀበያም ክላርክ ወደ ባሕር ያወረደው ዓይነት ፎቶመልቲፕላየር ነው። ሚለርና ባልደረቦቹ የሊማን ማስታወሻ ይዘው የዚያን ሌሊት ምስል ከመዝገብ አወጡ፤ ድምቀቱን አሳደጉት። መኮንኑ በጻፈው ስፍራ ብርሃኑ ታየ። ለሦስት ተከታታይ ሌሊቶች የቆየ፣ 15,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሸፈነ ነበር። ውጤታቸው በ2005 ታተመ።

ከዚህ ታሪክ ልትወስዱት የሚገባው ነጥብ የሚከተለው ነው። ሳተላይቱ ያን ብርሃን በ1995 ቀርጾታል። ምስሉም አሥር ዓመት ያህል በመዝገብ ተቀምጧል። ሆኖም ምስሉን ያየ ማንም ሰው አልነበረም፤ ቢያይም ከመሣሪያው ጉድለት ሊለየው አይችልም ነበር። ልኬቱን እውቀት ያደረገው በሌሊት ተረኛ የነበረ አንድ መኮንን የጻፋቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው። «ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው» ይባላል፤ በሰማይ የሚዞረውም ዓይን ምስክር እስኪያገኝ ድረስ ግንባር ሆኖ ኖረ።

የኦሞ ውሃና ለካኞቹ

አሁን ከዚያ ጠረፍ ወደ ምዕራብ ተሻግረን ወደ ራሳችን ውሃ እንመለስ። ቱርካና ከሚገባለት ውሃ ከአሥር ስምንት እጅ በላይ የሚሆነውን የሚያገኘው ከኦሞ ነው። ኦሞ የገባበት ዴልታ፣ ማለትም የሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ፣ የዳሰነች ምድር ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ራሱ መለኪያ ነው፤ ከፍታው የሚገባው ውሃና የሚተነው ውሃ የሒሳብ ሚዛን ነውና። ከሐይቁ ላይ በዓመት ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ውሃ ይተናል። በደጋው ዝናብ ሲበዛ ሐይቁ ከፍ ይላል፤ ሲያንስ ዝቅ ይላል።

ይህን መለኪያ በጽሑፍ ያነበቡት ለረጅም ጊዜ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ1888 የኦስትሪያ ሃንጋሪው ሳሙኤል ቴሌኪና የባሕር ኃይል መኮንኑ ሉድቪግ ፎን ሆኔል ሐይቁ ዳር ደርሰው በልዑላቸው ስም ሩዶልፍ አሉት፤ ሆኔልም ካርታውን ነደፈ። በ1896 ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ወርዶ መጨረሻው ይህ ሐይቅ መሆኑን አረጋገጠ። በ1898 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስከ ሐይቁ ዘመተ፤ አብሮ የተጓዘው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ስለ አገሩ የጻፈው እስከ ዛሬ ይነበባል። የእነዚህ ሁሉ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር፤ ወንዙ የት ይሄዳል? ድንበሩስ የት ያርፋል?

ቀጥሎ የውሃው ባሕርይ ጥያቄ መጣ። በ1930 እና 1931 የካምብሪጅ ጉዞ አባላት ዎርዚንግተን፣ ቢድልና ፉክስ የሐይቁን ውሃና ሕይወት አጠኑ። ፉክስ በ1934 ሌላ ጉዞ መርቶ ተመለሰ፤ ከባልደረቦቹ ሁለቱ ወደ ደቡብ ደሴት ተሻግረው ሳይመለሱ ቀሩ። ከ1972 እስከ 1975 ደግሞ በሆፕሰን የሚመራ ቡድን ከኬንያ በኩል ሆኖ እስከ ዛሬ መሠረት የሆነውን ሰፊ ጥናት አካሄደ። የሴኪ ሰሌዳ በዚህ ሐይቅ ላይ ትርጉም ያለው መሣሪያ ነው። በሰሜን፣ ኦሞ ደለሉን በሚያፈስበት፣ ሰሌዳው ገና ከመውረዱ ይሰወራል፤ ወደ ደቡብ በተጓዝን ቁጥር ውሃው እየጠራ፣ ቀለሙም ወደ አረንጓዴ እየተለወጠ ይሄዳል። ሰሌዳው የሚሰወርበት ጥልቀት ኦሞ ከደጋ ያወረደውን አፈር የሚናገር ቁጥር ነው። ያ አፈር ለተንሳፋፊ ዕፀዋት ምግብ ይሆናል፤ እነርሱም የዓሣው ሕይወት መሠረት ናቸው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በኦሞ ሸለቆ የቅሪተ አካል ምርምር ከፍተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ካርል ቡትሰር የተባለው የመልክዐ ምድር ሊቅ የዴልታውን የቅርብ ዘመን ታሪክ አጠና። የቀደሙትን ተጓዦች ማስታወሻና ካርታ ከመሬቱ ምልክቶች ጋር አስተያየ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው የሐይቁ ከፍታ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከነበረው ከ15 ሜትር በላይ ይበልጥ እንደነበር ታወቀ። ቡትሰር ያደረገው ሚለር በኋላ በባሕር ላይ ካደረገው ጋር አንድ ነው፤ የተጓዥን መስመር ከምድር ምልክት ጋር ማጋጠም።

ከዋክብትና ሙላት

እስካሁን ከጠቀስኳቸው ለካኞች አንዱም የወንዙ ዳርቻ ነዋሪ አልነበረም። ነዋሪዎቹ ግን ይለኩ ነበር፤ አሁንም ይለካሉ። የጽሑፍ ማስረጃ ስላለን የሙርሲን ምሳሌ ላቅርብ። ዴቪድ ተርተን የተባለው አንትሮፖሎጂስትና የሥነ ፈለክ ታሪክ አጥኚው ክላይቭ ራግልስ በ1978 በከረንት አንትሮፖሎጂ መጽሔት ያሳተሙት ጥናት በዓለም ላይ በጊዜ አቆጣጠር ታሪክ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ በደቡብ ኦሞ ግን በሚገባው መጠን አይነበብም።

ሙርሲ ዓመቱን በጨረቃ ወራት ይቆጥራሉ፤ የወሩም ስም ቁጥር ነው። «አሁን ስንተኛው ወር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ከአንዱ አንድ መልስ፣ ከሌላው ሌላ መልስ ያገኛል። አንድ ወር የሚለያዩ ሁለት አስተያየቶች በአንድ ጊዜ በአንድ መንደር ውስጥ መገኘታቸው የተለመደ ነው። ክርክሩ የሚዳኘው በምልክቶች ነው፦ በፀሐይ መውጫ ስፍራ፣ በዕፀዋት አበባ፣ በዝናብ፣ በኦሞ መሙላትና መጉደል። በደቡብ ሰማይ በመስቀል ቅርጽ ከሚታዩት ከዋክብትና ከአጠገባቸው ካለው ኮከብ ጋር አራት የሚሆኑት፣ በምሽት እየተከታተሉ መታየት የሚያቆሙበት ጊዜ ከወንዙ ሙላት ደረጃዎች ጋር ተያይዟል። የመጀመሪያው ኮከብ ሙላቱ በወንዝ ዳር በሚያስተኛው ሣር ስም የሚጠራ ሲሆን ከኮከቦቹ አንዱ ራሱ የኦሞን ስም ይዟል። በዚህም ከወንዙ ርቆ ከብት የሚጠብቅ ሰው ሰማይን አይቶ ውሃው የት እንደደረሰ ይገምታል፤ ሙላቱ ሲሸሽ ማሽላ የሚዘራበትንም ጊዜ ያሰላል።

የጨረቃ ወራት አሥራ ሁለት ጊዜ ተቆጥረው ከፀሐይ ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ያህል ያንሳሉ። ሌሎች ሕዝቦች ይህን በታወጀ ተጨማሪ ወር ያርሙታል። ሙርሲ የሚያርሙት በክርክር ነው። ዘግይቶ የቆጠረው ወገን በኋላ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ሌላው ቁጥሩን ያስተካክላል፤ አቆጣጠሩም ማንም ሳያውጅ ከወቅቱ ጋር ይሄዳል። አለመስማማት እዚህ ላይ የመሣሪያው ጉድለት አይደለም፤ መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ ነው። ሃይዴክስ መናወጡን የልኬቱ አካል እንዳደረገው፣ ሙርሲም ጥርጣሬን የአቆጣጠራቸው አካል አድርገውታል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ወንዙ በየዓመቱ እንዲሞላና እንዲጎድል። ኮከቡ ምስክር የሚሆነው ሙላት ሲኖር ነው።

ከሰማይ የሚነበብ ሐይቅ

በነሐሴ 1992 ቶፔክስ ፖሰይዶን የተባለው ሳተላይት ወደ ህዋ ተላከ። ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ የራዳር ምት ወደ ውሃ ይልካል፤ ምቱ ተመልሶ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ በመለካት የውሃውን ከፍታ ያሰላል። በየአሥር ቀኑ በዚያው መስመር ላይ ይመለሳል። የተሠራው ለውቅያኖስ ነበር፤ በመስመሩ ላይ ያሉ ትልልቅ ሐይቆችንም መለካት እንደሚችል ታወቀ። ቱርካናም አንዱ ሆነ። በእርሱ እግር የተተኩት የጄሰን ሳተላይቶች ንባቡን ቀጠሉ። ስለዚህ ዛሬ የሐይቁን ከፍታ ላለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት በጂንካ ተቀምጠን በኮምፒዩተር ማየት እንችላለን።

በዚሁ ዘመን ወንዙ ተለወጠ። በነሐሴ 2006 ኦሞ ድንገት ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ግንባታ ተጀመረ። በጥር 2011 በዚሁ በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በታችኛው ኦሞ ስለሚለማው ሰፊ የስኳር እርሻ ተናገሩ። ግድቡ በ2015 ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2016 ተመረቀ። ውሃው መያዝ በጀመረበት ወቅት ሐይቁ ዝቅ ማለቱን ሳተላይቱ መዘገበ። ብዙ ጽሑፎች ሐይቁ እየደረቀ እንደሚሄድ ተነበዩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በደጋው በጣለው ከባድ ዝናብ ሐይቁ ከፍ እያለ መጣ፤ በዳሰነች ወረዳም የሐይቁና የወንዙ ውሃ መንደሮችንና የግጦሽ መሬትን እየሸፈነ ብዙ ሰው አፈናቀለ።

እንግዲህ ቁጥሩ ከፍ ሲል መልካም፣ ዝቅ ሲል ክፉ ነውን? የሐይቁ ከፍታ መስመር ይህን አይመልስም፤ ስላልተጠየቀ ነው። የወንዝ ዳር ገበሬ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ውሃው የእኔን ዳርቻ ሸፈነው ወይ? መቼ መጣ? መቼ ሸሸ? ጥቁር ደለል ትቶ ሄደ ወይስ አሸዋ? ሐይቁ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ ሊል ይችላል፤ ያው ውሃ ግን ከግድብ በእኩል መጠን ዓመቱን ሙሉ ተለቅቆ ከሆነ አንድም የወንዝ ዳር ማሳ አላጠጣም። ለኤሌክትሪክ ተርባይን የተስተካከለ ፍሰት በረከት ነው፤ ጎርፍ ሲሸሽ ለሚዘራ ማሽላ ግን የሙላት መቅረት ማለት ነው። ሁለቱም የአንድ ወንዝ እውነቶች ናቸው። አንደኛው እውነት በየሰዓቱ የሚነበብ መለኪያ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። መለኪያ የሌለው እውነት ደግሞ በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ እንደ አቤቱታ እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። የደረሰውን ጉዳት ለማስላትም ሆነ የተገኘውን ጥቅም ለማመን የምንቸገረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ምን ይደረግ?

የታሪክ መምህር መሣሪያ አይሠራም፤ የተሠሩት መሣሪያዎች በምን ጥያቄ እንደተወለዱ ግን ማስታወስ ይችላል። ከዚህ ተነሥቼ ለእናንተ ለተማሪዎች ሁለት ሐሳብ ላቅርብ።

የመጀመሪያው የሊማ መኮንን ያደረገውን ማድረግ ነው። ከእናንተ መካከል ከኦሞ ዳርቻ የመጣችሁ፣ ከካራም ሆነ ከኛንጋቶም፣ ከሙርሲም ሆነ ከዳሰነች፣ ውሃው የትኛውን ዳርቻ በየትኛው ቀን እንደነካ፣ ቀለሙ ምን እንደሚመስል፣ መቼ እንደተመለሰ በደብተር ጻፉ። የዳርቻውን ስም ሰዎቹ በሚጠሩት ስም ጻፉት። ሰሌዳና ገመድ ካላችሁ ሰሌዳው የተሰወረበትን ጥልቀት ጨምሩበት። ሽማግሌዎች በወሩ ላይ ከተለያዩ ሁለቱንም መልስ መዝግቡ፤ ልዩነቱን ለማስተካከል አትቸኩሉ፤ ልዩነቱ ራሱ ልኬት ነውና።

ሁለተኛው ወደ ኋላ መመለስ ነው። ምድርን የሚያነሡት የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምስል ያከማቻሉ፤ ክምችቱም ከ2008 ወዲህ ለማንም በነጻ ተከፍቷል። በዚያ ክምችት ውስጥ የኦሞ ሙላቶች ተቀምጠዋል፤ የወተቱ ባሕር አሥር ዓመት እንደተቀመጠው። «ልጄ በተወለደበት ዓመት ውሃው እስከዚህ ዛፍ ደርሶ ነበር» የሚል እናት ቃል፣ ያን ምስል የሚከፍት ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ምስሉን ያስነብበዋል፤ ምስሉም ቃሉን በአደባባይ ያጸናዋል። ነገር ግን ቃሉ ጊዜ የለውም። ሙላቱን በዓይናቸው አይተው ከኮከቡ ጋር ያስተያዩ ሰዎች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸውም የሚያውቁት ወንዝ ሌላ ወንዝ ነው።

ከግድቡ በታች ምን ያህል ውሃ፣ በየትኛው ወር ይለቀቅ የሚለው ጥያቄ በመጪዎቹ ዓመታት ደጋግሞ ይነሣል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተርባይኑ ንባብ ይቀርባል፤ የሳተላይቱም መስመር ይቀርባል። የዳርቻው መዝገብ አብሮ መቅረብ አለመቅረቡ የሚወሰነው ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ በእናንተ እጅ በሚጻፈው ነው።